የከሰለችው ቢጫ ሜትር

ፋሲሎ ሰፈር ባለችው የጥገና ሱቄ መደርደሪያ ላይ አንዲት ቢጫ መልቲሜትር አለች፤ ሆዷ የተቀደደ፣ ፊቷ የከሰለ። የኤሌክትሪክ መለኪያ ነበረች፤ አሁን ምንም አትለካም። ደንበኞች "ይችን ለምን አትጥያትም?" ይሉኛል። ክረምት ገብቶ ከጣና ሐይቅ በኩል እርጥብ ነፋስ ሲመጣ ያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታዋ ዛሬም ይነሣል። ሽታው ሲመጣ እኔ ሱቁ ውስጥ አይደለሁም፤ ፔዳ፣ የተማርሁበት ግቢ፣ የወርክሾፑ መስኮት አጠገብ ቆሜ እጄን እያየሁ ነው።

ልንገራችሁ። ያኔ የሁለተኛ ዓመት የኤሌክትሪክ ተማሪ ነበርሁ፤ ኩራቴ ከትምህርቴ ይበልጥ ነበር። አባቴ ከሐይቁ ማዶ፣ ደልጊ፣ ወፍጮ ቤት ነበረው። አንድ ቀን ደወለልኝና "ሞተሩ ያጓራል እንጅ አይዞርም። ሰዉ እህሉን እንደተሸከመ እየተመለሰ ነው። አንች ይህን አይደል የምትማሪው?" አለኝ። በማግስቱ ጠዋት በሚነሣው ጀልባ እንደምመጣ ነገርሁትና ገበያ ወጣሁ፤ ከተደረደሩት ሜትሮች ሁሉ ርካሿን ገዛሁ። ርካሽ ትሁን እንጂ ከበድ ትል ነበር። እናቴ ድስት ስትገዛ በእጇ ከፍ ዝቅ አድርጋ ነበር የምትመርጠው፤ እኔም እንደ እሷ መዝኜ ነው የመረጥኋት። ፊቷ ላይ ስድስት መቶ ቮልት ይላል። የአባቴ ወፍጮ የሚሠራው በሦስት መቶ ሰማንያ ነው። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

የወርክሾፑ ቴክኒሻን ሽማግሌ ነበሩ። አባታቸው በጣና ደሴቶች ላሉ ገዳማት ብራና ሲጽፉ የኖሩ ቁም ጸሐፊ ስለነበሩ ተማሪው "የኔታ" ይላቸው ነበር፤ መጀመሪያ ለማላገጥ፣ ኋላ ግን ከልቡ። በየመሣሪያው ላይ የዕቃውን ስም የሚጽፉት በዚያው በአባታቸው ፊደል፣ በጥቁር ቀለም ብቻ ነበር። አንዱ ተማሪ ቀይ ቀለም ለምን እንደማይጠቀሙ ሲጠይቃቸው "ቀይ የቅዱሳን ስም የሚጻፍበት ነው፤ መጽሐፉን ያጻፈው ሰው ስምም። ለመፍቻ አይባክንም" አሉት። ሜትሯን ይዤ የሄድሁት ምክር ፈልጌ አልነበረም። እንዲያደንቁልኝ ነበር።

አላበሯትም። መጀመሪያ አሸተቷት። ቀጥለው ወደ ጆሯቸው አስጠጉና መምረጫውን ቀስ እያሉ አዞሩት፤ አንዱ ቦታ ላይ ‘ቀጭ’ የሚለው ድምፁ ሲሰንፍ ቅንድባቸው ተነሣ። ዛሬ ተማሪዎች አዲስ ሜትር ሲያመጡልኝ እኔም አሸታለሁ፤ ይስቁብኛል፤ ይሣቁ። ከዚያ ገመዱን አጠፍ ዘርጋ አደረጉት፤ ጫፉ ሥር ላስቲኩ ሸሸና መዳቡ ብልጭ አለ። "እጅሽ የሚይዘው እዚህ ላይ ነው" አሉኝ።

ጀርባዋን ፈትተው የኤሌክትሪክ መስመሮቿ የተነጠፉበትን ሰሌዳ አወጡና በመስኮቱ ወደ ፀሐይ ያዙት። ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ብርሃን በአረንጓዴው ሰሌዳ አልፎ ፊታቸው ላይ ወደቀ፤ የመዳብ መስመሮቹ አንድ በአንድ ታዩ።

"አባቴ ብራና ሲመርጡ እንዲህ ነበር" አሉ። "ፊቱን ማሳመር ቀላል ነው። ቀዳዳውና የቢላዋው ጭረት የሚታየው በፀሐይ ነው።" ጥፍራቸውን በሁለት መስመሮች መካከል አሳረፉ። "እኒህ መራራቅ ነበረባቸው። ብዙ ቮልት ሲመጣ ይችን ታህል ክፍተት ይዘላታል። ስድስት መቶ ብሎ መጻፍማ ማንም ይጽፋል።"

ክብደቷንም አገኙት። የጀርባ ክዳኑ ውስጥ በሙጫ የተለጠፈ ቁራጭ ብረት ነበር፤ ከምንም ጋር ያልተያያዘ፣ ሥራ የሌለው። እንደ እኔ ለሚመዝን ሰው ብቻ የተቀመጠ። አፈርሁ። እናቴንም ጭምር ያታለሉብኝ መሰለኝ።

"ለትልቁ ከረንት በተሠራው ቀዳዳ በኩል ኃይል ሲበዛ የሚቆርጥ ፊውዝ የላትም" አሉ በመጨረሻ። "ወፍጮ ቤት ጨለማና አቧራ ነው። ሰዉ ያጣድፍሻል። ቀዩን ገመድ ተሳስተሽ እዚህ ብትሰኪው..." አልጨረሱትም። "ትፈቅጅልኛለሽ?" ሲሉኝ ምን እንደሆነ ሳላውቅ እሺ አልሁ።

ሜትሯን መልሰው ገጠሟት፤ ወፍራም መስታወት ባለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ አስቀመጧት። ቀዩን ገመድ ሆን ብለው በተሳሳተው ቀዳዳ ሰኩት፤ ጫፎቹን ከወርክሾፑ ሦስት መቶ ሰማንያ ቮልት ጋር አሰሩ። ሣጥኑን ዘጉ፤ እኔን ወደ ኋላ አራቁኝና ማብሪያውን ገፉት።

ድምፁን ሳልሰማ ብርሃኑን አየሁ፤ ነጭ፣ ፀሐይቱን ያደበዘዘ። ከዚያ ጩኸቱ መጣ፤ የወርክሾፑ መብራት ጠፋ፤ ሣጥኑ በጥቁር ጭስ ሞላ። ጭሱ ሲሳሳ ሜትሯ ሆዷ ተቀዶ ነበር። ገመዶቿ አልቀለጡም፤ የሉም። በሕይወቴ እንደዚያ ተደንቄ አላውቅም። ፈራሁ ብል ይቀለኛል፤ ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ሻይ የምናፈላበት፣ ስልክ የምንሞላበት ኃይል ምን ያህል ታላቅ ነገር እንደሆነ ያን ጊዜ ገና አየሁት። ቀጥዬ እጄን አየሁ። ቀጥሎ ደግሞ፣ እኔ ስለካ የእጅ ባትሪ የሚያበራልኝ አባቴ መሆኑ ትዝ አለኝ። ፊቱ ከፊቴ አጠገብ ይሆን ነበር። አለቀስሁ።

ሽማግሌው እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከመሳቢያቸው የራሳቸውን ሜትር አወጡ፤ አሮጌ፣ ጥጋ ጥጉ የተላጠ። "መጀመሪያ መብራት እንዳለበት የምታውቂው ላይ ሞክሪያት። ቀጥለሽ ጠፍቷል ያሉሽን ለኪ። ከዚያ ተመልሰሽ የመጀመሪያውን ድገሚ። መካከል ላይ ሜትሯ ራሷ ሞታ እንደሆነ በዚያ ታውቂያለሽ። አባትሽ ቢቸኩልም አንች አትቸኩይ።"

አባቴ ቸኮለ። ለሞተሩ ኃይል ከሚያመጡት ሦስት መስመሮች፣ ከፌዞቹ፣ አንዱ እንደማይደርስ ካየሁ በኋላ መብራቱን አጥፍቼ እንደታዘዝሁት ስለካ፣ በዱቄት የነጣ ቅንድቡን አኮሳትሮ "ሦስት ጊዜ ምን ያስለካሻል?" አለኝ። ሦስቴ ለካሁ። የላላውን ገመድ አጠበቅሁት። ወፍጮው ሲዞር ደጅ የተቀመጡት ሴቶች እልል አሉ፤ አባቴም ሣቀ። ያን ሣቁን ከነሙሉ ፊቱ አየሁት።

ሜትራቸውን ስመልስ "ደኅና ገባሽ?" ብቻ አሉኝ። ተመረቅሁ፣ ሱቅ ከፈትሁ፤ እሳቸውም ጡረታ ወጡ። ልጠይቃቸው እያልሁ ስንት ጊዜ ቀረሁ። ባለፈው ዓመት አረፉ። ከአርባቸው በኋላ ሴት ልጃቸው በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ሱቄ መጣች።

"ጠረጴዛቸው ላይ ነበር የሚያኖሯት። አዲስ ተማሪ በመጣ ቁጥር ያሳዩአት ነበር" አለችኝ። "ላንች ስጫት ብለውኛል።"

ያች የከሰለችው ቢጫዋ ነበረች፤ ልጅቱ ከሄደች በኋላ የጀርባ ክዳኗን ፈታሁ። ቁራጭ ብረቱ የለም። በቦታው፣ በዚያ በማውቀው ቁም ጽሕፈት፣ በጥቁር ቀለም "እጇ ተርፏል" ይላል። ከላዩ ስሜ አለ፤ በቀይ።