በደረሰኙ ግርጌ የነበረው ፊርማ

«ፈሪ ለእናቱ» ይባላል። የሂሳብ መምህሯ ግን ፍርሃቷ ሁሉ ለታናሽ ወንድሟ ነበር። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና የወተት ጥርሱ እንኳ አልተነቀለም ነበር፤ ትዳር ልጅ ሳትል እሱን አሳደገች። ሃያ ሁለት ዓመት ስታስተምር ድምጿ ከሦስተኛው ረድፍ አልፎ አያውቅም። ተማሪዎቿ «ቲቸር ቀስ» ይሏታል፤ በር ስትከፍት እንኳ የተኛ ሰው እንዳትቀሰቅስ የምትሠጋ ትመስላለች።

ርዕሰ መምህሩ ለአሥራ አንደኛ ክፍል በሳምንት አንዴ የገንዘብ አያያዝ አስተምሪ ሲላት፣ «እኔ? ደመወዜ ሃያ ቀን የማያደርሰኝ ሴትዮ?» አለችው።

«እንግዲያው ችግሩን ከማንም በላይ ታውቂዋለሽ» ብሎ ሳቀባት።

አንድ ዓርብ ልጆቹን «ትርፍ እንሰጣለን የሚል ወረቀት ከቤት ፈልጋችሁ አምጡ» አለቻቸው። በሳምንቱ የሎተሪ ቲኬቱ፣ የባንክ ማስታወቂያው ጠረጴዛዋን ሞላው። ክፍሉ ሲበተን እናቷ ልብስ ሰፊ የሆነች አንዲት ተማሪ ወደኋላ ቀረችና አራት ቦታ የታጠፈ ደረሰኝ ሰጠቻት።

«እማዬ የስፌት መኪናዋን ሸጣ ያስገባችው ነው፣ ቲቸር። በሦስት ወር እጥፍ ይሆናል ብለዋታል። አራት ሰው ካመጣች ደግሞ ሌላ ጭማሪ አለው። ደህና ነው አይደል?»

መምህሯ ከግርጌው ያለውን ፊርማ አየች። ጅራቱ ወደ ላይ ቀልበስ ያለ ነው። ወንድሟ የመጀመሪያ የባንክ ደብተሩን ሲያወጣ፣ እጁን ይዛ ያለማመደችው እሷው ነበረች። «ሰኞ እነግርሻለሁ፤ ደረሰኙ እስከዚያ እኔ ጋ ይቆይ» ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ በቀጥታ ወንድሟ ስልክ ወደሚጠግንበት ሱቅ ሄደች።

«ይሄ ያንተ ፊርማ ነው?»

መልስ ከመስጠቱ በፊት በሩን አየ። «እትዬ፣ ድምፅሽን ቀንሺ።»

«ድምፄ መቼ ተሰምቶ ያውቃል? ብሩ የት ገባ?»

«ለአለቆቹ አስረክቤያለሁ። እኔ ኮሚሽን ብቻ ነው የምወስደው። ቀድመው የገቡት እኮ እጥፉን ተከፍለዋል!»

«ከማን ብር?»

ተነስቶ የሱቁን በር ዘጋው። «እባክሽ እንዳትናገሪ» አላት። «ሰዎቹ ቀልድ አያውቁም። መጀመሪያ የሚበሉት እኔን ነው።»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስልኳ ጮኸ። ለስላሳ፣ ጨዋ የወንድ ድምፅ ነው። «መምህርት፣ ሂሳብ መልካም ትምህርት ነው፤ እሱኑ ያስተምሩ። ወንድምዎን በጣም ይወዱታል አሉ።» ዘጋው።

ወንድሟ ፈርቶ ነግሯቸዋል ማለት ነው። ከዛቻው ይልቅ ይሄ አንጀቷን ቆረጠው። ቁምሳጥኑን ገፍታ በሩ ላይ አስደገፈችው። እሑድን ሙሉ ኮቴ በሰማች ቁጥር ትንፋሿን እየዋጠች ዋለች። ብትናገር ወንድሟን ልታጣ ነው። ዝም ብትል ደግሞ ያቺ ልጅ ሰኞ ፊቷ ቆማ መልስ ልትጠብቅ ነው።

ሰኞ ጠመኔው እጇ ላይ ሁለት ጊዜ ተሰበረ። «አንድ ሰው አራት ሰው አመጣ እንበል» አለች። «አራቱም እያንዳንዳቸው አራት።» አራት፣ አሥራ ስድስት፣ ስልሳ አራት እያለች ወደ ታች ጻፈች። ስምንተኛው ዙር ላይ ስልሳ አምስት ሺህ አለፈ።

«ከተማችን ስንት ሰው አላት?»

«አርባ ሺህ!»

«ታዲያ የመጨረሻዎቹን ማን ይከፍላቸዋል?»

የልብስ ሰፊዋ ልጅ ተነሳች። «እማዬ ስንተኛው ዙር ላይ ናት?»

«አላውቅም፣ ልጄ። ግን ዛሬውኑ ሄዳ ብሯን ትጠይቅ። የሌሎቻችሁም ወላጆች ካሉበት እንደዚሁ።» እዚህ ላይ ማቆም ትችል ነበር። «ደረሰኙን የፈረመው ወንድሜ ነው» አለች። ያን ቀን የኋላው ረድፍ ሳይቀር ሰማት።

እስከ ቀትር ወላጆች የሰዎቹን ቢሮ ከበቡት። ልብስ ሰፊዋን ጨምሮ አሥራ አንድ ሰዎች ያስገቡትን አስመለሱ። ረቡዕ ቢሮው ተቆልፎ ተገኘ፤ አለቆቹ የገቡበት ጠፋ። በዚያው ዕለት ወንድሟ መጥቶ ደጃፏ ላይ ተቀመጠ። «አብረሽኝ ሂጂ፣ እትዬ» አላት። ክንዱን ይዛ፣ በየማዕዘኑ ወደኋላ እየተገላመጠች፣ ፖሊስ ጣቢያ አደረሰችው። ብር ያስገቡትን ሰዎች ስም ዝርዝር ስላስረከበ ቅጣቱ ቀለለለት፤ ሁለት ዓመት ተፈረደበት።

ብራቸው የቀረባቸው ግን ብዙ ነበሩ። «አርፋ ብትቀመጥ ኖሮ ይደርሰን ነበር» እያሉ መንገድ ላይ ይተፉባታል፤ እሷም ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ታልፋለች። ዓርብ ዓርብ ታስተምራለች። እሑድ እሑድ ወንድሟን ልትጠይቅ ትሄዳለች። ብዙ አያወሩም። ብርድ ልብሱ ይበቃው እንደሆነ ትጠይቀዋለች፤ ይበቃኛል ይላታል።