ለኦቦ ዲንሳ የጠረብኩት በርጩማ

ንጋት 12 ሰዓት፣ አኖ

የቤቴን በር ቆልፌ ቁልፉን ለማን እንደምተው አሰብኩ። የሚቀር ሰው የለም። ባለቤቴ አስካለ ከሞተች ወዲህ በዚህ በር የምገባውም የምወጣውም እኔ ብቻ ነኝ። ቁልፉን ኪሴ ከትቼ፣ በእሷ ነጠላ የጠቀለልኩትን በርጩማ በብብቴ ይዤ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ።

አኖ ገና አልነቃችም። ጭጋጉ በቆሎው ማሳ ላይ እንደተኛ ነው። ከባኮ በኩል የመጣ የጭነት መኪና መብራቱን እንዳበራ አለፈኝ። ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ አንዲት ሴት ትኩስ ዳቦ በከረጢት ትሞላለች። «ጋሼ፣ አካም ቡልታኒ? እንዴት አደሩ? በዚህ ጠዋት ወዴት ነው?» አለችኝ። አንገር ጉቲን ስላት እጇ ዳቦው ላይ ቆመ። መንገዱ ሰላም እንደሆነ ጠየቀችኝ። እንደሆነ ሰምቻለሁ አልኳት። ሁለት ዳቦ ሰጠችኝና የአንዱን ዋጋ ብቻ ተቀበለችኝ።

የምሄደው ልጄ ብርቄ ዘንድ ነው። ከተያየን አራት ዓመት ሆኖናል። ከእሷ በፊት ግን አንድ ሽማግሌ ፊት መቆም አለብኝ፤ የባሏ አባት ኦቦ ዲንሳ ፊት። በርጩማው የእሳቸው ነው። ይቀበሉኝ አይቀበሉኝ፣ ልጄም ታስገባኝ አታስገባኝ አላውቅም። ይህን ሳላውቅ ነው የተነሳሁት።

1 ሰዓት ተኩል፣ ከአኖ ወደ ጉቴ

የሚኒባሱ ረዳት በርጩማው ጣራ ላይ ካልወጣ ብሎ ነበር። እምቢ ብዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። አጠገቤ ዶሮ ታቅፈው ወደ ገበያ የሚሄዱ እናት ተቀምጠዋል። ነጠላውን ገለጥ አድርገው እንጨቱን በጣታቸው መታ መታ አደረጉና «ዋንዛ ነው» አሉ። ለማን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ለአንድ ሽማግሌ አልኳቸው።

«የታደሉ ሽማግሌ ናቸው። የኔ ባል የሚቀመጠው ጀሪካን ላይ ነው።»

መኪናው ሁሉ ሳቀ። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ።

ሥራዬ አናጢነት ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት በልጅነቴ የቤታችን ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣ ነው፤ የቀረውን ራሴን ራሴ አስተማርኩ። እንዲህ ያለ ሰው አንድ በሽታ አለው፤ ያወቃትን ጥቂት ነገር ሁሉም ሰው በግድ እንዲያውቃት ይፈልጋል። ቤቴን በሕግ ነበር የማስተዳድረው። ሳቅ እንኳ በልክ ነበር። በዚህ እኮራ ነበር።

ከአራት ዓመት በፊት በክረምት ሦስት ሽማግሌዎች ከአንገር ጉቲን ድረስ መጥተው ግቢዬ በር ላይ ቆሙ። ለልጅ የመጣ ሽማግሌ ሳይጋበዝ አይቀመጥም። የቤቱ ጌታ «ተቀመጡ» ሲል ነው ነገሩ የሚከፈተው። ከዚያ በኋላ እምቢ ማለት ይቻላል፤ ሌላ ቀን ኑ ማለትም ይቻላል። ሽማግሌን ሳያስቀምጡ መመለስ ግን በኦሮሞውም በአማራውም ነውር ነው።

እኔ ከሸዋ የመጣ ሰው ልጅ ነኝ፤ ኦርቶዶክስ ነኝ። ብርቄን የጠየቀው ልጅ ገመቹ ደግሞ ፕሮቴስታንት ነው። ለእኔ ነገሩ በዚያው አልቆ ነበር። መላጊያዬን እንደያዝኩ ከሥራ ቤቴ ደጃፍ ሆኜ አነጋገርኳቸው። ከኋላዬ ለደንበኛ የሠራኋቸው አሥራ አንድ ወንበሮች ተደርድረው ይታያሉ። ዝናብ ጀመረ። መካከል ላይ የቆሙት ሽማግሌ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ከዘራቸውን ተደግፈው ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውራሉ።

«ለእናንተ የሚሆን ወንበር የለኝም» አልኳቸው።

ሽማግሌው ወንበሮቹን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ። «እግዚአብሔር ቤትህን ይጠብቅ» ብለው በዝናቡ ውስጥ ሄዱ። ኦቦ ዲንሳ እሳቸው ናቸው።

ብርቄ በመስኮት ታይ ነበር። በሳምንቱ ቤቱን ለቅቃ ወደ ገመቹ ሄደች።

3 ሰዓት ከሩብ፣ ጉቴ

ዶሮ የታቀፉት እናት ወረዱ። ሹፌሩ ጎማ ሲያስነፋ እኔም ወርጄ አንድ ሻይ ጠጣሁ። ገበያው እየሞላ ነው፤ በርበሬ፣ ኑግ፣ የሸንኮራ ክምር። ሴቶቹ ዋጋውን በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ይጨርሱታል። ሁሉም ከሰው ጋር ነው። ሻይ ሻጯ ሁለት ብርጭቆ ይዛ መጥታ ብቻዬን መሆኔን ስታይ አንዱን መለሰችው። እኔም ቤቴ እንዲሁ ነው የማደርገው፤ ሁለት ሳህን አውጥቼ አንዱን እመልሳለሁ።

ብርቄ በሄደች በጥቂት ወራት ውስጥ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ተዘጋ። ስልኩም ጠፋ። ስለዚያ አገር የምንሰማው ወሬ ሁሉ የሚያስፈራ ነበር። አስካለ በየማታው እኔን ሳታይ «ልጄ ምን በላች?» ትል ነበር። ታመመች። በታመመች በስድስተኛው ወር ሞተች። ልጃችን እናቷን አልቀበረችም፤ መሞቷንም አላወቀችም።

አሁን እውነቱን ልናገር። እኔ የዕድራችን አስለቃሽና አጽናኝ ነበርኩ። በየለቅሶው ቤት ገብቼ «እግዚአብሔር ታማኝ ነው» እል ነበር። ቃሉ ከአፌ እንደ ምስማር ነበር የሚወጣው፤ ቀጥ ብሎ። ያው ለቅሶ እኔ ቤት ሲመጣ አንድ ጎረቤቴ ያንኑ ቃል ነገረኝ። ውጣልኝ ልለው ምንም አልቀረኝም። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ጠዋት ተነስቼ የጸሎት መጽሐፌን የምከፍተው ስለለመድኩት ብቻ ነው። የሚሰማኝ እንዳለ አይሰማኝም ነበር።

ከአርባዋ በኋላ ዋንዛ ቆርጬ በርጩማ መጥረብ ጀመርኩ። የእኔ ሥራ በምስማርና በኮላ ነው። በርጩማ ግን ከአንድ ግንድ ነው የሚወጣው፤ መቀመጫውም እግሮቹም አንድ ናቸው። የመጀመሪያው ተሰነጠቀ። የሁለተኛውን እግር አቅጥኜ ሰበርኩት። ሦስተኛው ይኸው ጭኔ ላይ አለ። ስጠርብ መንገዱ ገና ዝግ ነበር። ለምን እንደምጠርበው እኔም አላውቅም ነበር።

ባለፈው ወር ስልክ ተደወለ። ብርቄ ናት። «የእማዬን መርዶ ሰማሁ» አለች። ከዚያ «መኪና መሄድ ጀምሯል» ብላ ዘጋችው። ይምጡ አላለችኝም። አይምጡም አላለችኝም።

5 ሰዓት፣ ነቀምቴ

መናኸሪያው ጩኸት ነው። «ጊምቢ! ጊምቢ!» «ደምቢ ዶሎ!» የአንገር ጉቲኑ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ጥግ ላይ ቆሞ ይጭናል፤ ጣራው ላይ ቆርቆሮ፣ ምስማር በካርቶን፣ የተጠቀለለ ፍራሽ። ሹፌሩ ቀጭን ጠቆር ያለ ሰው ነው። ውስጥ ቦታ ስለሌለ በርጩማው የግድ ይወጣል አለኝ። እንደ ዕንቁላል እንዲይዘው ለመንኩትና ሰጠሁት። ከቆርቆሮው ኋላ አስገብቶ ፍራሹን ደረበበት፤ ከላይ ስምንት ጆንያ ጨመረና በገመድ ጠፈረው።

እኔም እስኪሞላ ሽሮ በላሁ። ግማሹን ተውኩት። ከምግብ ቤቱ ስወጣ «ባኮ! ባኮ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ባኮ ማለት በአኖ በኩል ነው፤ ቤቴ ማለት ነው። አንድ ወንበር ብቻ ነበር የቀረው። እግሬ ወደዚያ ሄደ። አልዋሽም፤ ፈርቼ ነው። ልጄ በሩን ስትዘጋው በዓይነ ልቦናዬ ታየኝ፤ እኔ ደግሞ በር መዝጋትን እንጂ ሲዘጋብኝ መቆምን አልለመድኩም። ወደ ቅጥቅጡ ተመልሼ ሹፌሩን በርጩማዬን አውርድልኝ አልኩት።

ወደ ጣራው አየ። እኔን አየ።

«አባባ፣ እሱን ከማውረድ አንገር ጉቲንን እዚህ ማምጣት ይቀላል። ይግቡ ይልቅ።»

ገባሁ። ሰው እግዚአብሔር በታላቅ ድምፅ እንዲናገረው ይጠብቃል። እኔን በጆንያ ገመድ ያዘኝ።

8 ሰዓት፣ ቁልቁለቱ

መንገዱ ወደ ቆላው ሲወርድ ሙቀቱ ከታች ወደ ላይ ይመጣል። ኮቴን አወለቅኩ። ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን መታወቂያ አሳየን። ከዚያ ወዲያ ጣራ የሌላቸው ግድግዳዎች አየሁ፤ ውስጣቸው ሣር በቅሏል። ከአንዳንዱ አጠገብ አዲስ ቆርቆሮ በፀሐይ ያብረቀርቃል፤ ሰው እንደገና ይሠራል።

ሹፌሩ አጠገብ ነበርኩ። አባቱ በደርግ ጊዜ ከወሎ ለሰፈራ እንደመጣ፣ እሱ ግን እዚሁ እንደተወለደ ነገረኝ። መንገዱ ሲዘጋ መኪናው ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ቀረ። ምን ትሠራ ነበር አልኩት።

«በየጠዋቱ አስነሳው ነበር፤ ባትሪው እንዳይሞት። ነዳጅ ሲያልቅ ደግሞ ከወንድሜ ጋር እየገፋን ጎማውን እናዞረው ነበር። ሰዎች ይስቁብኛል። የት ልትሄድ ነው ይሉኛል። የት እንደምሄድ እኔስ መች አውቄ? መኪናው እንዳይረሳ ነው።»

ከዚያ ሬዲዮውን ከፈተ። እኔ ግን ነገሩን ቆላው ውስጥ እስከሚፈሰው ወንዝ ድረስ አሰብኩት። የትም ሳይሄድ በየጠዋቱ የሚነሳ ጸሎት እኔም ነበረኝ። ሞቷል ብዬ አፍሬበት ነበር። ልጅ ያላችሁ፣ ሐዘን ያለባችሁ፣ ይህን ከአንድ አናጢ ስሙ፤ ተስፋ የግድ ደስ አይልም። አንዳንዴ እጅ ብቻ ነው የሚያምነው፤ ልብ በኋላ ይደርሳል።

9 ሰዓት ተኩል፣ አንገር ጉቲን

የገመቹን ቤት ለማግኘት ሁለት ጊዜ ጠየቅሁ። ሁለቱም ጊዜ ሰዎቹ በርጩማውን አይተው ማን እንደሆንኩ ሳይጠይቁኝ መንገዱን አመለከቱኝ። ግቢው የማንጎ ዛፎች አሉት፤ በሩ የቀርከሃ ነው። አላንኳኳሁም፤ አልተጣራሁም። በርጩማውን በሁለት እጄ ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። እሳቸው የቆሙትን ያህል ልቆም ወስኜ ነው የመጣሁት።

አንዲት ትንሽ የጎረቤት ልጅ ከማንጎው ሥር አየችኝና ወደ ቤት ሮጠች። ብርቄ ወጣች። ከስታለች። በአስካለ አካሄድ ነው የምትራመደው፤ ይህን አላሰብኩበትም ነበር።

«መጡ?» አለች።

በመንገድ ሁሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር። ጠፋኝ። «ኦቦ ዲንሳ አሉ?» አልኳት።

ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች። «አባዬ፣ አርፈዋል። ዓመት ሊሞላቸው ነው።»

ከአኖ ጀምሮ ይቀበሉኝ ይሆን ብዬ ነበር። እንደማይኖሩ አንድም ጊዜ አላሰብኩም። በስልክ አልጠየቅኳትም፤ እንዴት ናቸው እንኳ አላልኩም። በርጩማውን የማስቀምጥበት ቦታ ጠፍቶኝ ይዤው ቆምኩ። ብርቄም ቆማለች። ይግቡ አላለችኝም።

ከቤት አንዲት ትልቅ ሴት በዝግታ ወጡ፤ የሽማግሌው ባለቤት፣ ኣዴ ጫልቱ። ፊቴን ለረጅም ጊዜ አዩት። ተመልሰው ገቡ። ይገባኛል አልኩ በልቤ። ልዞር ስል ተመልሰው መጡ። በእጃቸው አሮጌ በርጩማ ይዘዋል፤ ጠቁሮ የለሰለሰ፣ አንድ እግሩ ተሰብሮ በሽቦ የታሰረ። ደጃፉ ላይ አስቀመጡት።

«ታኣ» አሉኝ። ይቀመጡ ማለታቸው ነው።

አልቻልኩም። እኔ ባልዎን አቁሜ የመለስኩ ሰው ነኝ አልኳቸው።

«እናውቃለን» አሉ በአማርኛ። «እሱ ነው የነገረን። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእርስዎን ቤት ሳይጠራ ጸሎት ዘግቶ አያውቅም። መንገድ ሲዘጋም፣ ሲታመምም። ‹ሰውየው ይመጣል› ይለን ነበር። ‹የመጣ ቀን አታቁሙት፤ መቆም ጉልበት ያማል፣ እኔ አውቀዋለሁ› አለን።»

ሚስቴ ሞታ፣ ጸሎቴ ደርቆ፣ ቤቴን የሚጠራ ማንም የለም ባልኩባቸው ጠዋቶች ሁሉ፣ እዚህ ቆላ ውስጥ እኔ ወንበር የነፈግኩት ሰው ይጠራኝ ነበር። የእግዚአብሔርን ታማኝነት ለሌላው ስናገር ኖሬ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ያሳዩኝ ሽማግሌ ደግሞ በሕይወት የሉም። ላመሰግናቸው አልችልም።

ተቀመጥኩ። አሮጌው በርጩማ ተንገዳገደ። ኣዴ ጫልቱ አዲሱን ከእጄ ተቀብለው መቀመጫውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ጎንበስ ብለው ሳሙትና ቤት አስገቡት፤ ማንም አልተቀመጠበትም።

ብርቄ ግን አልተቀመጠችም። እናትሽ ስምሽን እየጠራች ነው የሄደችው አልኳት። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳት፤ ይህን ቃል ለልጄ ተናግሬ አላውቅም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ለብዙ ጊዜ አለቀሰች፤ እኔም ላጽናናት አልሞከርኩም።

ከዚያ ፊቷን ጠርጋ የተቀመጥኩበትን በርጩማ አየች።

«ገመቹ ነው በሽቦ ያሰረው። ሰው ሁሉ አናጢ አማት አለህ እያለ ይስቅበታል።»

መዶሻ አላችሁ ወይ አልኳት። ገብታ ይዛ መጣች፤ ሁለት ምስማርም። በርጩማውን ገልብጬ መሬት ላይ ተንበረከክሁ። ሳልጠይቃት ከፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለችና የተሰበረውን እግር በሁለት እጇ ያዘችልኝ፤ ሕፃን ሳለች ሥራ ቤቴ ውስጥ ትይዝልኝ እንደነበረው።

«ቀስ ይበሉ፣ አባዬ» አለች። «ጣቴን።»