ዓርብ ዓርብ የሚጠፋው ካርድ

አንዲት ሴት በእኔ ቃል ከሥራዋ ወጥታለች። ይህን ሳልናገር ሌላ ወሬ ብጀምር እፎይ አልልም።

ከሚሴ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ክፍሌ ጥግ አንድ ትልቅ ሰርቨር አለ፤ በውስጡ ሦስት ቨርቹዋል ማሽኖች ይሠራሉ። ማሽን ይባሉ እንጂ ብረት አይደሉም። ዲስኩንም የኔትወርክ ካርዱንም አስመስሎ የሚያቀርብላቸው ፕሮግራም ነው፤ እነሱም እውነተኛ ዕቃ የተሰካላቸው መስሏቸው ይሠራሉ። የባለጉዳዮች መዝገብ ያለው ከሦስቱ በአንዱ ላይ ነው። እሱ ከጠፋ ከጨፋ በማለዳ ተነሥቶ የመጣ ገበሬ ፋይሉ ሳይገኝለት ይመለሳል።

ያ ማሽን ዓርብ ዓርብ ቀትር ላይ ከኔትወርክ ይጠፋ ጀመር። ጁምዓ ላይ ተቀምጬ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይነዝራል። ኢማሙ ኹጥባቸውን ሲሰብኩ እኔ ስለ ገመድ አስባለሁ፤ ሰላቱን አሰላምቼ እንደጨረስኩ፣ ጫማዬን በቅጡ ሳልጫማ ባጃጅ ፍለጋ እሮጣለሁ። ስደርስ ማሽኑ ካርድ የሚባል ነገር የለውም። አጥፍቼ ሳስነሣው ካርዱ ይመለስና እስከሚቀጥለው ዓርብ ደህና ይሰነብታል። እኔ ግን ደህና አልሰነብትም፤ ሐሙስ ሲመጣ ምግብ አይዋጥልኝም ነበር።

በሦስተኛው ዓርብ ስገባ ወለሉ እርጥብ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ የምትወለውለው ቢሮው ባዶ የሚሆንበትን ያን ሰዓት ጠብቃ ነው፤ ገመዶቹንም ወደ ግድግዳው ጠጋ አድርጋቸዋለች። በቃ፣ አገኘሁት አልኩ። ሰው ሁሉ ከሰላት እየተመለሰ ኮሪደሩ ላይ ጮኽኩባት።

«ወላሂ አልነቀልኩም! ጠጋ ብቻ ነው ያደረግኩት» አለች፣ መወልወያዋን እንደያዘች።

አለቃዬ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዳቀርብ አዘዙኝ፤ ጻፍኩ። ገመድ ቢነቀል ኖሮ ሦስቱም ማሽኖች በጠፉ ነበር፤ የጠፋው ግን አንዱ ብቻ ነው። እጄ እየጻፈ ይህን አውቅ ነበር። መልስ ተፈለገ፣ መልስ ሰጠሁ። እሷን ወደ ግቢ ጠረጋ አዛወሯት። ጥቂት ቀን አንገቷን ደፍታ ሠራችና ቀረች።

በሚቀጥለው ዓርብ እሷም የለች፣ ካርዱም የለ።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። በኮሪደሩ ሳልፍ ሰው የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር፤ የሚያየኝ ግን አልነበረም፣ ሁሉም ረስቷታል። በሳምንቱ ዓርብ፣ ለሰላት ልንወጣ ስንል፣ የመዝገብ ቤቷ አዛውንት «ፕሪንተሩ እምቢ አለኝ» ብለው ጠሩኝ። የሳምንቱን ሥራ ፍላሽ ላይ ገልብጠው የሚወስዱት በዚያ ቀን ነው። ከኋላቸው ቆሜ አያለሁ፤ ከጠረጴዛቸው ሆነው የሚሠሩት መዝገቡ ባለበት በዚያው ማሽን ላይ ነው፣ ፍላሻቸውም እሱ ላይ እንደተሰካ ይቆጠራል። ስክሪኑ ጥግ ላይ፣ ዕቃ ከመነቀሉ በፊት የሚሰናበትበትን ዝርዝር ከፈቱ። ቢስሚላህ ብለው ፍላሹን አስወጡ። አላቆሙም፤ ቀጥሎ ያለውንም ነኩት። ስክሪኑ ቀጥ አለ።

«እማማ፣ ምን እየነኩ ነው?»

«የቀረውን ላውጣ እንጂ ልጄ። ፍላሹን ዝም ብዬ ነቅዬ ፋይሌ የተበላሸ ጊዜ፣ ዝርዝሩ ባዶ ሳይሆን እንዳይነሡ ብለህ ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ?»

እኔ ነኝ። የኔትወርክ ካርዱን ከፍላሹ ጎን ያሰለፍኩትም እኔው ነኝ። ያ አስመሳይ ፕሮግራም ካልከለከሉት በቀር እያንዳንዱን መሰኪያ፣ ማሽኑ እየሠራ ዕቃ የሚሰካበትና የሚነቀልበት አድርጎ ያቀርበዋል። ወደፊት ዲስክ ስጨምር ማሽኑን ማቆም አይኖርብኝም ብዬ ክፍት ትቼው ነበር። ከሰዓት በኋላ ገብቼ የካርዱ መሰኪያ በሥራ ላይ እንዳይነቀል የሚከለክል አንዲት መስመር ጨመርኩ። ማሽኑ ሲነሣ ዝርዝሩ ላይ ፍላሹ ብቻ ቀረ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አፈርኩ እንጂ ደስ አላለኝም።

በማግስቱ ስፈልጋት ገበያ ዳር ሽንኩርት ስትሸጥ አገኘኋት።

«አካም ጅርታ?» ብዬ በኦሮምኛ ደህንነቷን ጠየቅኳት።

«ፈያ፣ አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ቀና ብላ ግን አላየችኝም።

ሁሉንም ዘርግፌ ነገርኳት። «አንቺ አይደለሽም» አልኳት በመጨረሻ።

«አብሽር፣ እኔ አለመሆኔንማ አውቃለሁ» አለች። «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? የጮኽክብኝ እዚያ ነው፤ እዚያው ሂድና ንገራቸው።»

ሰኞ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ተናገርኩ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን፣ ደብዳቤውንም ሳላምንበት መጻፌን። አለቃዬ «መልካም፣ ከተስተካከለ ወደሚቀጥለው አጀንዳ እንለፍ» አሉ። ወደ ሥራዋ ትመለስ ያልኩትን ማንም አላነሣውም፤ በቦታዋ ሌላ ሴት ተቀጥራለች።

አዲሷ ሠራተኛ ያን ቀን በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ከዚያ ወዲህ እኔ ከሌለሁ ክፍሌን አትወለውልም። ወልውላ ስትጨርስም ሁለት እጆቿን ዘርግታ ታሳየኛለች።

«እዩልኝ፣ ምንም አልነካሁም» ትለኛለች።