መቲ ላይ የቆረጥኩት ሐረግ

ባለቤቴ የዓመት ፈቃዴን ቀዝቀዝ ባለችው የማጃንጎች ከተማ በመቲ እንድናሳልፍ ስትስማማ ቁርጡን ነገረችኝ፦ «አስር ቀን ነው። ካልተሻለኝ ከዚያው ወደ እናቴ ቤት እሄዳለሁ፤ ጋምቤላ አልመለስም።» ቀልድ አልነበረም። ልብሷን በሙሉ ይዛ ነው የተነሳችው።

እኔ ለመከፋቷ ጥፋተኛው የጋምቤላ ሙቀት ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። የደጋ ልጅ ናት፤ አየር ከተለወጠላት ይበቃል አልኩ። ክልሉ ገና መቋቋሙ ስለነበር እኛ ሠራተኞቹ አንድ ቀን ስብሰባ፣ አንድ ቀን ጎግ ወረዳ፣ አንድ ቀን አውሮፕላን ማረፊያ እንግዳ ስንቀበል እንውላለን። ቤት የምገባው ሸሚዝ ለመቀየር ነበር ማለት ይቻላል። ይህን ግን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

በጎሬ ዞረን፣ በቴፒ በኩል፣ ሁለት ቀን ጭነት መኪና ላይ ተንገላተን ደረስን። ጠዋት ጠዋት ጫካው ከጉሙ ውስጥ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ጉሬዛዎች ይጮኻሉ። እሷ ካረፍንበት ቤት ደጅ ወንበር አውጥታ ይህን እያየች መዋል ፈለገች። እኔ ደግሞ ፕሮግራም አወጣሁ፤ ዛሬ ኮረብታው፣ ነገ የቡናው ጫካ፣ ከነገ ወዲያ ፏፏቴው። በየሰዓቱ «ተሻለሽ?» እላታለሁ። በስድስተኛው ቀን መልስ መስጠቱንም ተወችው። ያኔ ፈራሁ።

በሰባተኛው ቀን ፏፏቴው ዘንድ ደግሜ ወሰድኳት። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እግሯን ውሃ ውስጥ ነከረች። አምስት ደቂቃ አብሬያት ብቀመጥ ነው። ከአንድ ግዙፍ ዛፍ ላይ ወፍራም ሐረግ እስከ መሬት ወርዶ አየሁና ዥዋዥዌ ልሠራላት ተነሳሁ። «ተወው፣ ደህና ነኝ» አለች። ማን ሰምቷት! የወደቀ ግንድ ላይ ቆሜ፣ እጄ እስከደረሰበት ተንጠራርቼ ለመንገድ በያዝኩት ገጀራ ቆረጥኩት፤ ሌላ ዛፍ ላይ አሰርኩላት። ደስ እንዲለኝ ብላ ተቀመጠችበት።

እየገፋኋት ሳለ አንድ ጠና ያሉ የማጃንግ ሰው መጥረቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው መጡ። ዛፉን ቀና ብለው አዩ፤ ከዚያ ዥዋዥዌውን አዩ።

«ይሄ መንገድ ነው» አሉኝ። «እላይ ቀፎ አለ። የኔ ቀፎ። በዚህ ነው የምወጣው።»

ቀና ስል ረጃጅም የግንድ ቀፎዎች ቅጠሉ መሃል ተጋድመዋል። ለካ እዚያ አገር ዛፉም ሐረጉም ባለቤት አለው። እኔ የእግዜር ነው ብዬ ነበር። እፍረት ገደለኝ። «ይቅርታ አባቴ፣ ምን ላድርግ? ሌላ ቆርጬ ላምጣ? ሰው ልጥራ?» እያልኩ ወዲያ ወዲህ አልኩ።

«ሌላ አትቁረጥ» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ባለቤቴ ስትወርድ ዥዋዥዌውን ፈትተው ዛፉ ላይ ከቀረው ጫፍ ጋር ቀጠሉት፤ ደጋግመው ጎተቱት። እንዳይወዛወዝ የታችኛውን ጫፍ እጄ ላይ ጠቀለሉልኝና «ቁጭ በል። ያዝ። እኔ እላይ ነኝ፤ አንተ አትነሳ» አሉኝ።

ወጡ፤ ቅጠሉ ሸፈናቸው። አንድ ሰዓት ይሁን ሁለት አላውቅም። ጉንዳን ይነክሰኛል፣ ጉልበቴ ይቁነጠነጣል፤ ግን ሰው እላይ ተንጠልጥሎ እንዴት ይነሳል? ባለቤቴ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ታወራኝ ጀመር። ከቤታችን ጀርባ ቃሪያ ተክላ እንደነበር፣ አፍርቶም ደርቆም እንዳበቃ ያን ቀን ሰማሁ።

«ሙቀቱን እኮ ለምጄዋለሁ» አለችኝ በመጨረሻ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«አንተ ነህ። አጠገቤ ቁጭ ብለህ አታውቅም።»

ከዛሬ ጀምሮ ብዬ ልምልላት ብድግ ስል ሐረጉ ተወዛወዘ፤ ከላይ ሰውየው ጮኹ። ባለቤቴ ጉልበቴን ይዛ መልሳ አስቀመጠችኝ።

«እቤትም እንዲህ ከሆንክ አብሬህ እመለሳለሁ» አለች። «ካልሆነ ቴፒ ላይ ወርጄ ወደ እናቴ እሄዳለሁ።»

ሰውየው ማራቸውን ይዘው ወርደው «በቃ፣ ተነሳ» ሲሉኝ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መነሳት ፈራሁ።