የኢዝራ ግራኝ ቋጠሮ

በባሕር ዳሯ መንደር በቶልስበሪ ወንድ የተባለ ሁሉ በብርዱ ወራት ከባሕር የሚበላ ዛጎል ሲያወጣ ይከርምና ሙቀቱ ሲገባ በሀብታሞቹ የውድድር ጀልባ ላይ ሸራ ሊስብ ይሄዳል። ደረቱ ላይ የጀልባዋ ስም የተጠለፈበት ሰማያዊ ሹራብ የደረሰው ሰው፣ ውድድሩ ካለቀ በኋላም ለቤተ ክርስቲያንም ለመጠጥ ቤትም እሱኑ ለብሶ ይንጎራደዳል። ኢዝራ ፔቲካን ግን «ሴሌስቲን» የሚለውን ሹራቡን ያን ዓመት ከሣጥን አላወጣውም። ሚስቱ ፊቢ «ምነው፣ ብል በላው እንዴ?» ብትለው «ይሞቀኛል» አላት። በዚያ ውርጭ!

ሴሌስቲንን ማየት ነበር! ዋናው ሸራዋ ብቻ የመንደሩን አደባባይ ያለብሳል። የሸራውን ራስ የሚሸከመው አግዳሚ ግንድ ሽቅብ ሲወጣ አሥራ ስድስት ሰው ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ ይስባል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ምሰሶው ጫፍ ላይ ሌላ ሸራ ይደረባል። የዚህ የጫፍ ሸራ ገመድ የኢዝራና የጎረቤቱ የዊልፍ ማሴት ነበር። ኢዝራ በሥራው አይታማም። አንድ ክፉ ልማድ ግን አለው፤ በዓሣ ጀልባው ላይ ብቻውን ስለሚሠራ፣ እርጥቡ ገመድ እንዳይከዳው ችካሉ ላይ ከጠመጠመ በኋላ አንድ መቆለፊያ ቋጠሮ ይጨምርበታል። በውድድር ጀልባ ላይ ይህ ነውር ነው። ነፋስ በድንገት ሲመጣ ገመዱ በአንድ እጅ መለቀቅ አለበት፤ ስለዚህ ይጠመጠማል እንጂ አይቆለፍም። ይህን የቶልስበሪ ሕፃን ያውቀዋል።

ባለፈው ነሐሴ፣ በመጨረሻው ውድድር፣ እየመሩ ሳለ ሰማዩ ጠቆረ። ካፒቴን ሊን መሪውን እንደያዙ «የጫፉን ሸራ ልቀቁ!» ብለው ጮኹ። ኢዝራ ወደ ፊት ሄዶ ሌላ ገመድ ያግዝ ነበርና ቅርብ የነበረው ዊልፍ ዘሎ ያዘው። ገመዱ እምቢ አለ። ዊልፍ ታገለ፣ ተራገመ፣ በመጨረሻ ቢላውን መዝዞ ቆረጠው። ምን ያደርጋል፣ የምሰሶው ጫፍ ቀድሞ ተሰብሮ ከነሸራው ባሕር ገባ።

«ማነው የቆለፈው?» አሉ ካፒቴኑ። ሃያ ሁለት ሰው ጭጭ። «ዊልፍ፣ ገመዱ አንተ እጅ ላይ ነው።»

ዊልፍ ኢዝራን አየው። ኢዝራ ጫማውን አየ። «እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው፤ ዋጣቸው።

መጋቢት ሲገባ ካፒቴኑ እንደ ወጉ በየደጁ እየዞሩ ሰው መረጡ። በርህን ካንኳኩ ተመርጠሃል፤ ካለፉህ አለፉህ። የኢዝራን በር አንኳኩ። የዊልፍ ሚስት ደጇን ጠርጋ፣ ሽርጧን ቀይራ ቆማ ሳለ አልፈዋት ሄዱ። ኢዝራ ይህን በመስኮት አይቶ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አለ። እውነቱን ነው፤ ብትውጠው ደግ ነበር።

በማግስቱ ዊልፍን ወደቡ ላይ መረብ ሲጠግን አገኘው።

«ዊልፍ፣ አንድ ነገር ልነግርህ...»

«ስለ ቋጠሮው ከሆነ አትድከም። በግራ እጅ የታሰረ ነበር። እዚያ ጀልባ ላይ ስንት ግራኝ አለ?»

«አንድ» አለ ኢዝራ። «ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«እኔን ነው የምትጠይቀው? አፍ ያለህ አንተ! ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ስል ከረምኩ። የገና ዕለት በርህ ሲጢጥ ሲል ‹መጣ› ብያት ነበር ለሚስቴ። ለካ ድመት ልታስወጣ ኖሯል!»

ኢዝራ ሹራቡን በብብቱ ሸጉጦ ካፒቴኑ ቤት ሄደ፤ ቆሞ ሁሉንም ተናገረ።

«ሰባት ወር አርግዘህ ዛሬ ወለድክ?» አሉት። «የዊልፍን ቦታ ከብራይትሊንግሲ መንደር ለመጣ ሰው ሰጥቻለሁ። ቃሌን አላጥፍም።»

«እንግዲያው የኔን ይስጡት፣ ካፒቴን።» ሹራቡን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

ዊልፍ ቦታውን ተቀበለ። «ልጆቼ ይበሉበታል» አለው መንገድ ላይ። «ታረቅን ማለት ግን አይደለም።» ኢዝራም «አይደለም» አለ። ለምን እንደ ቀረ መንደሩ አላወቀም፤ ካፒቴኑም ዊልፍም አልተነፈሱም፤ ሰዉ ወገቡን ታሞ ነው ይል ነበር። ኢዝራም አላስተባበለም። አያሳፍርም ይሄ?

በሰኔ አንድ ቀን ኢዝራ ብቻውን ዛጎል ሲጎትት ሴሌስቲን ሸራዋን ሁሉ ዘርግታ በአጠገቡ መጣች። አዲሱ የምሰሶ ጫፍ ያምራል፤ ሸራው አንድ ሽብሽብ የለበትም። «አቤት! አቤት!» አለ አፉን ከፍቶ፤ ሐፍረቱንም ረሳው። ሰዎቹ እጃቸውን አውለበለቡለት። ዊልፍ ግን አላውለበለበም። ከኢዝራ ኋላ ያለውን ሰማይ እየጠቆመ ይጮኽ ነበር።

ነፋሱ መታ። የሴሌስቲን የጫፍ ሸራ በአንድ ትንፋሽ ወረደ። ኢዝራ የራሱን ሸራ ሊለቅ ገመዱን ጨበጠ፤ ገመዱ እምቢ አለ። ጠዋት በገዛ ግራ እጁ ቆልፎታል። ጀልባዋ ተጋደመች፣ ውኃ ገባ፣ ጥፍሩ ተላጠ። እዚያ ማዶ ጀልባ ሙሉ ሰው ቆሞ ያየዋል፤ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ሳቃቸውን ተዉት። የነሐሴው ቋጠሮ የማን እንደ ነበር ለሁሉም ገባቸው።

«ቁረጠው፣ ኢዝራ!» አለ ዊልፍ። ድምፁ ውስጥ ፌዝ አልነበረም፤ ይሄ ነው አንጀቱን የበላው።

ኢዝራ ቢላውን መዝዞ፣ እያዩት ቆረጠው።