አፉን የከፈተው ጭምብል

ዘመሮ ከተማ ውስጥ ቀለም አይደርቅም። ይህን ለማን ብዬ እነግራለሁ፤ እዚህ አገር ጭምብል የሚቀባ ከእኔ ሌላ ማን አለና! ክረምት ሲገባ ጉሙ ከሰው እኩል ቤት ውስጥ ይውላል። ሐምሌ ላይ የቀባሁት ነገር መስከረም ላይ ጣቴ ላይ ይጣበቃል። ከሰል አጠገብ ባስጠጋው ይሰነጠቃል፣ አልጋ ሥር ብከተው ይሻግታል። ያለው ዘዴ አንድ ነው፤ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር የያዝኩትን ስፌት ጥዬ ጭምብሌን አቅፌ ወደ ደጅ መሮጥ። ጉድ ያፈላብኝም ያ ሩጫ ነው።

እንጀራዬ ልብስ ስፌት ነው። የተወለድኩት መርሐቤቴ ነው፤ ወደ መንዝ የመጣሁት ባል አግብቼ ነበር። ባሌ ሄደ፣ የስፌት መኪናዬ ቀረች፤ ከሁለቱ የቱ ይሻልሽ ነበር ብባል አላመነታም። ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ የሴት ቀሚስ እሰፋለሁ፣ የተቀደደ ሱሪ እጥፋለሁ። ጭምብል የለመድኩት በትምህርት ቤቱ ሰበብ ነው። ለወላጆች ቀን ተማሪዎች ድራማ ሊያሳዩ ሲሉ ልብሱን ስፊልን አሉኝ። ለንጉሡ ካባ ሰፋሁ፣ ከካርቶን ዘውድ ቆረጥኩ፣ ሽማግሌ ሆኖ ለሚጫወተው ልጅ ከበግ ጠጉር ጢም አበጀሁለት። ልጁ ጢሙን አድርጎ መድረክ ላይ ሲወጣ የገዛ እናቱ አላወቀችውም። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ በሳቅ ልሞት ነበር። ከዚያ ወዲያ አለቀልኝ። ስልኬ ላይ የሌላ አገር የቲያትር ጭምብሎችን እየፈለግኩ ማየት፣ አይቼም ልክ እንደዚያው አስመስዬ መሥራት ሱስ ሆነብኝ።

አሠራሩ ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ይፈጃል እንጂ። መጀመሪያ ከሸክላ አፈር ፊት አበጃለሁ። በላዩ ላይ ያረጀ ደብተር እየቀደድኩ በዱቄት ሙጫ እደራርባለሁ። ሲደርቅ ከአፈሩ አላቅቀውና ጀሶ ቀብቼ በብርጭቆ ወረቀት እፈገፍገዋለሁ። ቀለሙ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። አፈሩን የማገኘው ገበያ ላይ ድስት ከምትሸጥ ሴት ነበር፤ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስለ አፈር ሳወራ የሚያየኝ ሰው ብዙ ነው። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፣ ሰውን በዓይኑ ይበላል የሚል የማይረባ ወሬ እዚህ አለ። እንደዚያ እያሉም ድስቷን ይገዛሉ። ምን ቆርጦኝ ለሰው ወሬ እጨነቃለሁ ብዬ እኔ ወንበሬን ይበልጥ አስጠጋ ነበር።

«ይሄ ነገር ምን ያደርግልሻል?» ይሉኛል።

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ትደክሚበታለሽ?»

«ደስ ይለኛላ!»

የማይሸጥ፣ የማይለበስ፣ የማይበላ ነገር ላይ አንዲት ሴት ብቻዋን ቤት ዘግታ ስትደክም ሰው ምክንያት ይፈልግላታል፤ እኔ ካልሰጠኋቸው ራሳቸው ያበጁለታል። ያን ጊዜ ይህን አላሰብኩትም።

ከጎረቤቴ የሚለየኝ አንድ የድንጋይ ካብ ነው። ከእኔ ታንሳለች፣ እትዬ ትለኛለች። ትዳሬ ሲፈርስ ሰው ሁሉ ከሩቅ እያየ ሲያንሾካሹክ እሷ ናት ካቡን ተሻግራ መጥታ አብራኝ ያለቀሰችው። እሷ ስትወልድ ደግሞ አጥሚቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ልጅቷ መራመድ ስትጀምር የመጀመሪያ መንገዷ ወደ እኔ ቤት ሆነ። የጨርቅ ቁርጥራጭ ትለቅማለች፣ መርፌዬን ትደብቃለች፣ ስቆጣት ትስቃለች። ጭምብሎቹን አንድም ቀን ፈርታቸው አታውቅም። ሌሎች ልጆች ከደጅ ሲመለሱ እሷ ገብታ፣ «ሰውዬው ተኛ?» ትለኛለች። ነፍሴ ነበረች፤ ሌላ ቃል የለኝም።

በዚያ ክረምት የያዝኩት የሐዘን ጭምብል ነበር። የጥንት ግሪክ ተዋንያን ያደርጉት የነበረ ዓይነት ነው፤ ግንባሩ የተኮማተረ፣ ዓይኑ ባዶ፣ አፉ በሰፊው የተከፈተ። አፉ የሚከፈተው የተዋናዩ ድምፅ ሩቅ ድረስ እንዲሰማ ነው። ክረምቱን ሙሉ ለፋሁበት። የከንፈሩ ቀለም እምቢ ብሎኝ ስንቴ ፍቄ ቀባሁት። በመጨረሻ የደረቀ ደም የሚመስል ቀይ ሲመጣልኝ፣ «እሰይ!» ብዬ ብቻዬን ጮህኩ።

ጥቅምት ሲገባ ፀሐይ ወጣች። ጭምብሉን ይዤ ሮጥኩና ካቡ ላይ አስደገፍኩት፤ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዞርኩት፣ ፀሐይ ደግሞ በጎረቤቴ ግቢ በኩል ነበረች። ልጅቷ አየችው። እየሮጠች መጥታ ድንጋይ ላይ ወጣችና እጇን እስከ አንጓዋ ድረስ አፉ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወደ አያቷ ዞራ፣ «በላኝ! በላኝ!» እያለች ተንከተከተች። አያቷ የጎረቤቴ አማት ናቸው፤ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው ምስር ይለቅሙ ነበር። እኔ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

በማግሥቱ ጠዋት ጎረቤቴ በራፌ ላይ መጥታ ቆመች። ሳትጠራ ገብታ ድስቴን ከፍታ የምታይ ሴት በር ላይ ቆመች።

«ግቢ እንጂ፣ ምን ይገትርሻል?»

«አልገባም እትዬ። ልጄ ታማብኛለች። ሌሊቱን ሙሉ እሳት ሆና ስታቃስት አደረች።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ! ወደ መሐል ሜዳ የሚሄደው መኪና ሳይወጣ ሐኪም ቤት ውሰጃት እንጂ!»

መሬት መሬቱን አየች። «እማማ ናቸው የላኩኝ። በማርያም አትቀየሚኝ። መጥተሽ እንትፍ በይባት» አለችኝ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ሰው በዓይኑ በላው የተባለ በሽተኛ የሚድነው የበላው ሰው ራሱ መጥቶ እንትፍ ሲልበት፣ ከዚያ ሰው ዕቃም ተቆርጦ ሲታጠንበት ነው ይላሉ። እንትፍ ያለ ሰው ደግሞ አዎ፣ እኔ ነኝ ብሎ አመነ ማለት ነው።

ክው አልኩ። ከዚያ ደሜ ፈላ። «እኔን ነው? እኔን! አጥሚት ያጠጣሁሽን!»

«እኔ አላልኩም እትዬ...»

«ማን አለ ታዲያ?»

«ልጅቷ ትናንት በላኝ በላኝ ስትል እማማ ሰሙ። አፉም ደም ነበረበት አሉ።»

ስድብ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከካቡ ማዶ የልጅቷ ሳል ተሰማኝ፤ አጭር፣ ደረቅ፣ ማለቂያ የሌለው። ጎረቤቴን ገፍቼ ሮጥኩ።

ልጅቷ ጋቢ ውስጥ ነበረች። በተነፈሰች ቁጥር ከጎድኗ ሥር ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ አፍንጫዋ ይርገበገባል። የሳምባ ምች እንዲህ እንደሚያደርግ የጤና ኤክስቴንሽኗ ስንት ጊዜ ነግራናለች! አያቷ ገል ላይ ፍም አድርገው አጠገቧ ተቀምጠዋል። የልጅቷ አባት ሞላሌ ገበያ በግ ሊሸጥ ሄዷል፤ በዚያ ቤት ቃል ያላቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«ልጄ፣ ክፉ ነሽ አልልሽም» አሉኝ፣ ፊቴን ሳያዩ። «አንዳንዱ ሳያውቀው ነው። ከዘር ከመጣ ሰውዬው ምን ያድርግ። የአንቺን ዘር ደግሞ እዚህ የሚያውቅ የለም።»

«እማማ፣ ደረቷን አያዩትም? ሐኪም ካላያት ትሞታለች!»

«ሳትታጠን ከዚህ ቤት አትወጣም። ሳትታጠን ብትወጣ መንገድ ላይ ነው የምትቀረው።»

ለመንኩ። ጮህኩ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ጎረቤቴ ግድግዳ ተደግፋ ታለቅሳለች። ልጅቷን ነጥቄ ልሩጥ ብዬም አስቤ ነበር፤ ግን ልጅ በላች የተባለች ሴት ያንኑ ልጅ ነጥቃ ስትሮጥ መንደሩ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፣ ከደጅም የማልፍ አይመስለኝም። ያኔ የመኪናው ክላክስ ከወደ ገበያው በኩል ተሰማ። ሾፌሩ ሰው እየጠራ ነው። እሱ ከሄደ ሌላ መኪና መቼ እንደሚገኝ እግዜር ይወቅ።

«ጭምብሉን ካመጣሁ፣ እንትፍም ካልኩ፣ አሁኑኑ ትወስዷታላችሁ?»

«ሚካኤልን! እኔው ራሴ አዝዬ አወጣታለሁ» አሉ።

ሄጄ አመጣሁት። አያቷ ፍሙ ላይ ሊወረውሩት ሲሉ ከእጃቸው መነጨቅኩት። የዘይት ቀለም ነው፣ ቫርኒሽም አለበት፤ ያ ጭስ እንኳን የታመመ ሕፃን ጤነኛውንም ያፍናል። ለዚህ ነው ብላቸው አያምኑኝም፤ ስለዚህ ምንም ሳልናገር የስፌት ምላጬን አውጥቼ ከንፈሩን መፋቅ ያዝኩ። ያንን ቀይ ቀለም፣ ከሥሩ ያለውን ጀሶ፣ ወረቀቱ እስኪታይ ድረስ። እሳቸው ምን እንደመሰላቸው ፊታቸው ላይ አየሁት፤ በላተኛዋ የገዛ አፏን ስትቆርጥ የሚያዩ መሰላቸው። ከደብተር ወረቀቱ የጥፍር ያህል ቆርጬ ፍሙ ላይ ጣልኩት። ትንሽ ጨሰ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ፣ ያቺን አልጋዬ ላይ ስንት ቀን ያስተኛኋትን ልጅ፣ እንትፍ አልኩባት። አፌ ደርቆ ነበር፣ ምራቅ አልወጣኝም። ድምፁ ብቻ ወጣ።

ልጅቷ ሳለችና አለቀሰች።

«ለቀቃት!» አሉ አያቷ። «ተመስገን! ለቀቃት!» እልልታቸውን ሰምተው ደጅ ላይ ሰዎች ተሰበሰቡ። ሴትዮዋ ቃላቸውን አላጠፉም፤ አዝለዋት እየሮጡ ወጡ፣ ጎረቤቴም ከኋላቸው። እኔን ማንም ነይ አላለኝም። የተፋቀውን ጭምብል እንደያዝኩ በተሰበሰበው ሰው መሐል አለፍኩ፤ መንገድ ለቀቁልኝ፣ ሰፊ መንገድ።

ሐኪም ቤት አስተኟት። መርፌ ወጓት፣ በአፍንጫዋ አየር ሰጧት። ትንሽ ቆይታ በእግሯ እየሄደች ተመለሰች። ሲነግሩኝ ቤቴን ዘግቼ በደስታ አለቀስኩ፤ ይህን የሚያምነኝ ሰው የለም፣ ግን አለቀስኩ። ስለ መርፌው የሚያወራ አልነበረም። ዘመሮ ውስጥ የሚወራው አፉ ሲቃጠል ልጅቷ እንዴት እንደጮኸች ነው። «እሷው ራሷ አምጥታ ሰጠች» ይላሉ። «ባታውቀው ኖሮ ታመጣ ነበር?» ምን ልበላቸው! እውነታቸውን ነው፣ ራሴ ነኝ ያመጣሁት።

ፊት ለፊት ክፉ ቃል የተናገረኝ የለም። ሰላምታው አለ፣ «እንደምን አደርሽ» አለ። ግን ቀሚስ ሊያሰፉ የሚመጡ ሴቶች እንድለካቸው አይፈቅዱም፤ አሮጌ ቀሚስ ያመጡና «በዚህ ልክ አድርጊልኝ» ይላሉ። ልብሳቸውን ሲወስዱም የተረፈውን ቁርጥራጭ ሁሉ፣ ክሩን ሳይቀር፣ ለቅመው ይወስዳሉ። አንዷን፣ «ክሩን ልትበይው ነው?» አልኳት፣ ነገሩ አንገፍግፎኝ። ፊቷ ዐመድ መሰለ። ለካ እኔ ከእንግዲህ መቀለድ አልችልም።

ብሩሾቼ ጣሳ ውስጥ ደርቀዋል። ሸክላ ከምትሸጠዋ ሴት ጋር አሁንም ገበያ ላይ እንገናኛለን፣ አፈር ግን አልገዛም። እሷም ወንበሯን አስጠጋችልኝ።

ጎረቤቴ ብዙ ጊዜ ቆይታ አንድ ቀን ወደ ካቡ መጣች። ልጅቷን አዝላለች፤ በነጠላ ከራሷ እስከ እግሯ ሸፍናታለች፣ ፊቷም አይታይም። ሌሎች እናቶች ልጆቻቸውን እንዲያ የሚሸፍኑት ዓይን በሚፈሩበት ገበያ ነው።

«እትዬ፣ እግዜር ይስጥሽ» አለችኝ። ከልቧ ነበር፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «ስለለቀቅሽልኝ።»

አልያዝኳትም ነበር ልላት አፌን ከፈትኩ። መርፌው ነው ያዳናት ልላት። አንቺ እንኳ? ልላት። ነጠላው በልጅቷ ትንፋሽ በቀስታ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ያለ ጭንቀት፣ ያለ ሳል። ጎረቤቴ ዓይኖቼን ሳይሆን እጆቼን ነበር የምታየው። በልጇ ጀርባ ላይ ያቆላለፈቻቸው ጣቶቿ ነጭ እስኪሆኑ ተጣብቀዋል። ገባኝ። የመጣችው ለምስጋና ብቻ አይደለም። ብክድ ልጅቷን እንደገና ልወስዳት የፈለግኩ ይመስላታል፤ ዳግመኛም እንቅልፍ አይወስዳትም። ከእኔ የምትፈልገው አንድ ቃል ነበር።

«ሁለተኛ አልነካትም» አልኳት።

ትከሻዋ ሲላላ አየሁ። እጅ ነሥታኝ ሄደች። ልጅቷ አሁን አድጋለች፣ እየሮጠች ታልፋለች፤ አንዳንዴ በራፌ ላይ ቆም ብላ ታየኛለች። እኔም ቃሌን ጠብቄ ጎንበስ ብዬ እሰፋለሁ።