እትዬ መቀስና የደሴቱ ነፍሰ ገዳይ

እትዬ መቀስ ይሏታል። ስሙን ያወጡላት የስፌት ቤቱ ባልደረቦቿ ናቸው። መቀስ ከእጇ ስለማይጠፋ ብቻ አይደለም፤ አንደበቷም ይቆርጣል። አንድ ደንበኛ «ሱሪዬን አጥብበሽ ሰፋሽብኝ» ብሎ ቢመጣ፣ ከላይ እስከ ታች ታየውና «ሱሪው እንደተለካ ነው፤ ሆድህን ጠይቀው» ትለዋለች። ሰውየውም ስቆ ይቀመጣል፤ እሷም ስፌቱን ፈትታ ታሰፋለታለች።

ስፌት ቤቱ የተማሪ ዩኒፎርም ነው የሚያወጣው። ከልጅነቷ ጀምሮ እዚያው ማሽን ላይ ተቀምጣ የስንቱን ልጅ ኮሌታ አዙራለች፤ እሷ ራሷ ግን አንድም ቀን ዩኒፎርም ለብሳ አታውቅም። ሜትር ታነባለች፣ ሂሳብ በጭንቅላቷ ትሠራለች፣ ፊደል ግን ሳይደርሳት ቀርቶ ነበር። ለዚህም አንገቷን ደፍታ አታውቅም። «ያልቆጠርኩት ትምህርት ቤት ሳይልኩኝ ቀርተው ነው እንጂ ሰንፌ አይደለም» ትላለች። የመጨረሻ ልጇን ከዳረች በኋላ አንድ ቀን ማሽኗን በጨርቅ ሸፈነችና ከሥራ በቀጥታ ወደ ጎልማሶች ትምህርት ቤት ሄዳ ተመዘገበች። ባሏ በር እና መስኮት በያጅ ነው፤ ሲሰማ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አያት።

«በዚህ ዕድሜሽ ምን ልትሆኚ ነው?»

«ፊደል የቆጠረች ሴት።»

ተማረች፤ ጨረሰችም። የመንገድ ማስታወቂያ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የሳሙና ካርቶን፣ ፊቷ የመጣውን ሁሉ ጮክ ብላ ታነብ ጀመር። ባሏ ከእሷ ጋር አውቶቡስ መሳፈር እስኪሰለቸው ድረስ። ይሁንና መጽሐፍ የሚባል ነገር ከዳር እስከ ዳር አንብባ አታውቅም ነበር። እናም አንድ ቅዳሜ፣ ነጠላ ጫማዋን በቆዳ ጫማ ለውጣ፣ የሰፈሩን ቤተ መጻሕፍት በር ገፋች።

ቤተ መጻሕፍቱን የምትጠብቀው ወጣት ሴት ትሁት ናት። እትዬ መቀስ ማንበብ የጀመረችው በቅርቡ እንደሆነ ነግራ መጽሐፍ ብትጠይቃት፣ ከታችኛው መደርደሪያ ጥንቸልና ኤሊ የተሳሉበት ቀጭን መጽሐፍ አውጥታ ሰጠቻት። እትዬ መቀስ ገለጥ ገለጥ አደረገችና መለሰችው።

«እኔ ከጥንቸል ጋር ምን አለኝ? ሰው የሚሞትበት የለሽም?»

«ይቅርታ፣ ምን አሉኝ?»

«ሰው የሚሞትበት ነዋ! ማን እንደገደለው የማይታወቅ። በሬዲዮ ስሰማ ሁልጊዜ ልክ ሊደረስበት ሲል ባትሪው ያልቅብኛል። አሁን ባትሪ የማይፈልገውን ስጪኝ።»

ወጣቷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ወደ ውስጥ ገብታ አንድ መጽሐፍ ይዛ ተመለሰች። ሽፋኑ ላይ በጭጋግ የተሸፈነ ደሴት፣ ዳር ላይ ደግሞ የተገለበጠች ጀልባ ይታያል። «ለወጣቶች የተጻፈ ነው፤ አማርኛው አይከብድዎትም» አለች። «ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይህንኑ የሚያነብ ክበብ አለን። ግን ልጆች ናቸው፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች።»

«ልጆች ሰው አይበሉም» አለች እትዬ መቀስ መጽሐፉን በብብቷ እየያዘች። «እኔም ጠግቤ ነው የምመጣው።»

ታሪኩ እንዲህ ነው። ስድስት ተማሪዎች ከርዕሰ መምህራቸውና ከስፖርት አስተማሪያቸው ጋር አንድ ባለ ጀልባ እየቀዘፈላቸው ሐይቅ መካከል ወዳለች ደሴት ለሽርሽር ይሄዳሉ። ደሴቷ ላይ ከአንዲት የእንግዳ ማረፊያ በስተቀር ምንም የለም። ማዕበል ይነሳል፤ ጀልባዋ ተበስታ ትገኛለች፤ ስልክ አይሠራም። በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ይገኛሉ። የሚገባም የሚወጣም የለም። ገዳዩ እዚያው መካከላቸው፣ አብሯቸው ቁርስ እየበላ ነው።

እትዬ መቀስ መጽሐፉን በምሳ ሰዓት ማሽኗ ላይ ዘርግታ ታነባለች። ጨርቅ ከመርፌ ስር እንደምታሳልፍ ሁሉ መስመሩን በጣቷ ስር እያሳለፈች፣ ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች። አንዳንዱ ቃል እንቢ ይላታል፤ ያን ጊዜ ትዘለዋለች። ባልደረቦቿ ሲስቁባት «አውቶቡስም ሁሉም ፌርማታ ላይ አይቆምም፤ መድረሱ ግን አይቀርም» አለቻቸው። መጀመሪያ ላይ «ሟች» የሚለው ቃል አስቸግሯት ነበር። ባሏን ብትጠይቀው «የሞተው ሰውዬ ነዋ» አላት። ከዚያ በኋላ «ሟ»ን ባየች ቁጥር ሬሳ ይታያታል።

የክበቡ ቀን ደረሰና ሄደች። ልጆቹ ትልቅ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ስትገባ አንዱ ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ብሎ «የማን እናት ናቸው?» ሲል ሰማችው።

«የማንም አይደለሁም። አንባቢ ነኝ» አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

የክበቡ ደንብ ጥብቅ ነው። በሳምንት የተወሰነው ምዕራፍ ቤት ይነበባል፤ ቀድሞ መጨረሻውን ያየ ከክበቡ ይባረራል። ክርክሩን የሚመራው ባለ መነጽር ልጅ ነው፤ ጓደኞቹ ኮሚሽነር ይሉታል። ገዳዩ ባለ ጀልባው ለመሆኑ ቅንጣት ታህል አይጠራጠርም።

«ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው» አለ ኮሚሽነር፣ «ከማንም ጋር አያወራም። ጀልባዋ ደግሞ የማን ናት? የእሱ!»

«ለዚያ ነዋ እሱ ያልሆነው!» አለች እትዬ መቀስ። «ሰው እንጀራ የሚበላበትን ጀልባ በገዛ እጁ ይበሳል? እኔ ማሽኔን በመዶሻ ደበደብኩ ቢሏችሁ ታምናላችሁ? ፊቱ አይፈታም አልክ፤ ስምንት ሰው ጭኖ ሐይቅ ሙሉ የቀዘፈ ሰው ይጨፍርልህ?»

ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። ኮሚሽነር ቀላ፤ ግን አልተሸነፈም። «እሺ፣ እርስዎስ ማንን ይጠረጥራሉ?»

«ከተማሪዎቹ ያቺን የሀብታም ልጅ። እንባዋ ከለቅሶው ቀድሞ ይደርሳል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ቅዳሜ አልቀረችም። ስፌት ቤት ውስጥም የሳምንቱን ምዕራፍ ታወራላቸዋለች፤ ዋናው ቦታ ላይ ስትደርስ ማሽኗን ታስነሳና ድምፅዋ አይሰማም። ባልደረቦቿ ይሰድቧታል፤ እሷ ስፌቷን ትቀጥላለች።

መጽሐፉ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ክርክሩ ከረረ። ግማሹ ከኮሚሽነር ጋር፣ ግማሹ ከእትዬ መቀስ ጋር ሆነ። የቤተ መጻሕፍቱ ወጣት በመሃል ገባችና «ከመጣላት ወደኋላ እንመለስ» አለች። «ሰውዬው ከመሞታቸው በፊት የነበረውን ምሽት እንደገና፣ ተራ በተራ ጮክ ብለን እናንብብ።»

ልጆቹ አፋቸውን እንደ ባቡር እያስሮጡ አነበቡ። ተራው ዞረና እትዬ መቀስ ዘንድ ደረሰ። እስካሁን መጽሐፍ ሰው ፊት ጮክ ብላ አንብባ አታውቅም። ፊደል የቆጠረችው በቅርቡ እንደሆነም እዚህ ከወጣቷ በቀር የሚያውቅ የለም። ጎኗ የተቀመጠችው ረጅም ዝምተኛ ልጅ ገጹን በጣቷ አሳየቻት። እትዬ መቀስ «ማን ይሞታል?» አለች በሆዷ። መነጽሯን አስተካከለች።

«እኔ ዝግ ብዬ ነው የማነበው» አለቻቸው። «የቸኮለ ሻይ ጠጥቶ ይምጣ።»

ማንም አልተነሳም። እሷም ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ጀመረች። «ርዕሰ... መምህሩ... ሻዩን ተቀበሉ። ልጅቷ... በማንኪያ... ስታማስለው... ነጩ ዱቄት... ሟ...» ቆመች። ብቻዋን ስታነብ ዘላው ያለፈችው ቃል ነው። አሁን መዝለል አይቻልም፤ ሁሉም ገጹን እያየ ነው። «ሟ... ሟ... እንዴ! እዚህ ጋ ደግሞ ሁለት ሰው ሞተ?»

ልጆቹ ፈነዱ። እሷም አብራቸው ሳቀች። ዝምተኛዋ ልጅ ግን ጠጋ ብላ በቀስታ «ሟሟ ነው፣ እትዬ። ስኳር ውሃ ውስጥ እንደሚሟሟው» አለቻት።

«እ! ሟሟ! ታዲያ እንዲህ አይልም? ነጩ ዱቄት ሟሟ...» ጣቷ ገጹ ላይ ቆመ። «ቆዩ እስቲ። ምንድን ነው የሟሟው?»

«ስኳር ነዋ» አለ ኮሚሽነር።

«የምን ስኳር? ሰውዬው ስኳር በሽታ አለባቸው አልተባለም እንዴ? ገና ጀልባው ላይ ሳሉ ብስኩት ሲሰጧቸው እንቢ አላሉም? የእኔም ባል ስኳር አለበት፤ ሻዩ ውስጥ አንዲት ፍሬ የጨመርኩበት ቀን ጉድ ነው የሚፈላው! የሟሟው ስኳር አይደለም!»

ክፍሉ ውስጥ ገጽ የመግለጥ ድምፅ ብቻ ሆነ፤ ሁሉም ወደ መጀመሪያው ምዕራፍ ሮጠ። ብስኩቱ እዚያው አለ። ኮሚሽነር መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

«ያማሰለችው ማናት?» አለ።

የክፍሉ አንደኛ፣ ርዕሰ መምህሩ እንደ ልጃቸው የሚያዩዋት፣ በመጽሐፉ ሁሉ ጨዋ ጨዋ የምትባለዋ ተማሪ ናት። ከጠረጴዛው ዙሪያ አንድም ሰው ጠርጥሯት አያውቅም ነበር።

«ያቺን ምስኪን የሀብታም ልጅ ለካ በከንቱ ስወነጅላት ነው የከረምኩት!» አለች እትዬ መቀስ ራሷን እየነቀነቀች። «ዝም ብላ አልቃሻ ናት።»

በሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻው ተነበበ። ባለ ጀልባው ንጹሕ ሆነ። ያቺ ጨዋ ተማሪ ዱቄቱን ጨምራለች፤ ግን መርዝ መሆኑን አታውቅም። የስፖርት አስተማሪው ነው «መድኃኒታቸው ነው፤ ካወቁ አይጠጡትምና ሳትነግሪያቸው ጨምሪ» ብሎ የሰጣት። የፈተና ውጤት ሲሸጥ ርዕሰ መምህሩ ደርሰውበት ኖሯል።

«ስለዚህ ግማሹን ተሳስተዋል ማለት ነው» አለ ኮሚሽነር፣ በመጠኑ ደስ እያለው።

«ግማሹን አግኝቻለሁ በለኝ እንጂ!» አለችው። «አንተ ከነጀልባህ ሰጥመሃል።» ከዚያ መጽሐፉን ከድና እጇን ላዩ ላይ አሳረፈችና ሌላ ነገር ተናገረች፤ ለምን እንደተናገረች እሷም አላሰበችበትም። «እኔ ማንበብ የጀመርኩት አምና ነው። ይህ የመጀመሪያ መጽሐፌ ነው። ጨረስኩት።»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ያቺ ዝምተኛ ልጅ ማጨብጨብ ጀመረች፤ ሌሎቹም ተከተሏት፤ ቤተ መጻሕፍት መሆኑን ረስተው ጠረጴዛ ደበደቡ። ወጣቷ ዝም በሉ ማለት ሲገባት እሷም ታጨበጭብ ነበር። እትዬ መቀስ አላለቀሰችም። ወንበሯ ላይ ቀና ብላ፣ ትልቅ ሥራ ለሠራ ሰው የሚገባውን ያህል ተቀበለችና «በቃ፣ በቃ፣ ጣሪያው ይወርድብናል» አለች።

ባሏ ወሬውን የሰማው ከእሷ አይደለም፤ ከኮሚሽነር አባት ነው። በር ሊያሠራ መጥቶ «መርማሪዋ የአንተ ሚስት ናት አሉ» ብሎት። የዚያን ቀን ብየዳውን አቁሞ ለመጣ ለሄደው ሁሉ ሲያወራ ዋለ። ማታ እራት ላይ ግን ምንም እንዳልሰማ ሆኖ «ታዲያ ሰውዬውን ማን ገደላቸው?» አላት።

«መጽሐፉ አለ፤ ዓይንም አለህ» አለችው።

አዲስ መጽሐፍ የሚመረጥበት ቅዳሜ ልጆቹ ምርጫውን ለእሷ ሰጧት። መደርደሪያው ፊት ቆማ የመጻሕፍቱን ስም በጣቷ እየነካች፣ አንድም ሳትዘል፣ ጮክ ብላ ታነብ ጀመር። ማንም አላቋረጣት። ከላይኛው ረድፍ የሌሎቹን ሁሉ ድምር የሚያህል ወፍራም መጽሐፍ ሳበች።

«እትዬ፣ ይሄማ ዓመት ይፈጅብናል!» አለ ኮሚሽነር።

«ምን አስቸኮለህ?» አለችው። ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች።